ናዝሬት ውስጥ የቀዘቀዘው ቤት

እኛ ልጅ ሲያምር አናመሰግንም። «ምን ያስጠላል!» ብለን እንትፍ እንላለን፣ ቡዳው ሰምቶ ተስፋ እንዲቆርጥ። ላሚቱ ብዙ ከታለበች ዝም፣ ጤፉ ካማረ ዝም። አያቶቻችን ምስጋና የሚያመጣውን ጣጣ ያውቁ ነበር። ቤት ማመስገንም እንደሚያስፈራ ግን የነገረኝ የለም። «ይኼም ይነገራል?» ትሉኝ ይሆናል። ለእኔ ዓይነቱ ይነገራል። ልብስ ሰፊ ነኝ፤ ልብስ ሰፊ እጅና እግሩ ሲሠሩ አፉ ሥራ ፈት ነው።

በደርግ ጊዜ ነው። ናዝሬት ላይ ከቀኑ ስድስት ሰዓት እስከ ዘጠኝ ቆርቆሮ ሥር የተቀመጠ ሰው የምለውን ያውቃል። ያለው ሶደሬ ይወርዳል፣ ላንጋኖ ይሄዳል፤ የሌለን ደጃፍ ላይ ተቀምጠን እናነፍሳለን። ጎረቤቴ የኬሚስትሪ አስተማሪው ገብረየስ አንድያ ልጁ ዳንኤል ከጠፋበት ወራት ሆኖት ነበር። ጫካ ገባ የሚል አለ፣ ሱዳን ተሻገረ የሚል አለ። እናቱን እትዬ አስካለን ስንጠይቃት «እግዜር ያውቃል» ትላለች። ከዚያ በላይ መጠየቅ ለጠያቂውም ጥሩ አልነበረም።

በዚያው ሰሞን መምህሩ አረቄ በጀሪካን መግዛት ጀመረ። ሰፈሩ «ልጁን አጥቶ መጠጥ ያዘ» ብሎ አዘነለት። እኔም ልመክረው ገባሁ። አረቄው የልብስ ማጠቢያ ሳፋ ውስጥ ነው፤ እንደ ረጋ የአጥንት መረቅ የሚንቀጠቀጥ ነጭ ነገር ተዘፍዝፎበታል።

«አሸዋ ነው» አለኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው፦ ሳሙና ሠሪዎች የሚጠቀሙበትን፣ ከአሸዋ የሚወጣውን ወፍራም ፈሳሽ በአሲድ ያረጋዋል። ውሃውን በአረቄ ያስወጣና ቀስ አድርጎ ያደርቀዋል። በመጨረሻ የሚቀረው አብዛኛው አየር ነው፣ ያንን የታሰረ አየር ደግሞ ሙቀት በቀላሉ አያልፈውም። ችግሩ፣ ብቻውን ሲደርቅ ተሰነጣጥቆ ዱቄት መሆኑ ነው። ስለዚህ ወደ ሜዳው ወጥቶ የግራር ሙጫ ለቅሞ ቀላቀለበት፣ ያዘለት። ከደረቀው አንድ ቁራጭ መዳፌ ላይ አስቀምጦ ፍም ጣል አደረገበት። እጄ ምንም አልተሰማውም። አፌ ግን ተከፈተ።

«ታምሩ፣ ለማንም እንዳታወራ» አለኝ። እኔ የመሰለኝ ሰፈሩ ሁሉ «ሥራልን» እንዳይለው ነው።

እንደ ሰሌዳ ጠፍጣፋ አድርጎ ያደረቃቸውን በቆርቆሮውና በጣውላው ኮርኒስ መሀል ያነጠፈው ብቻውን ነው። ጉልበቱን ያመዋል፣ ልርዳህ ብለው እምቢ አለ። ቤቱ ናዝሬት ሆኖ አየሩ አሰላ ሆነ። እኔም መርፌና ክሬን ይዤ ቀን ቀን እዚያ መዋል ለመድኩ፣ ማን ያስወጣኛል። እትዬ አስካለ ውሃ ትሰጠኛለች፣ ደጋግማም «ሥራ የለም እንዴ ዛሬ?» ትለኛለች።

እሑድ የቀበሌ ስብሰባ ነበር። ሊቀመንበሩ «በገዛ ጥሬ ዕቃችን ምን ፈጠርን?» ብሎ ጠየቀ። መልስ የለም። እናንተዬ፣ የዚያን ዘመን ዝምታ የማያውቅ አይፍረድብኝ። ዓይኑ ከፊት ወደ ኋላ ይዞራል፣ ያረፈበት ሰው አበቃለት ማለት ነው። ወደ እኔ ሲመጣ አላስቻለኝም፣ ተነሣሁ። «ጓድ ሊቀመንበር፣ ጎረቤቴ ከአሸዋና ከግራር ሙጫ ሙቀት የሚከለክል ኮርኒስ ሠርቷል፤ ቤቱ ቀዝቃዛ ነው!» አዳራሹ አጨበጨበ። መምህሩም አብሮ አጨበጨበ፣ ምን ያድርግ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ።

«አሁኑኑ እንየው» አለ ሊቀመንበሩ።

መሰላሉን ከቤቴ ያመጣሁት እኔ ነኝ። መምህሩ «ሙጫው አልደረቀም፣ ይፈርሳል» አለ። እትዬ አስካለ «አይጥ አለበት» አለች። ምክንያቱ ሲበዛ አብሮን የመጣው አብዮት ጠባቂ ሊቀመንበሩን አየና መሰላሉን ወጣ። ጣውላውን ገፋ አድርጎ አንገቱን አስገባ። «እዚህ ፍራሽ አለ» አለ።

ዳንኤል ማንም ሳይጎትተው ወረደ። ነጭ ዱቄት ለብሶ፣ በሃያ ዓመቱ ፀጉሩ ሽበት መስሎ፣ ዓይኑን እያጨናበሰ። ለካ አባትየው ከሙቀት ጋር ትግል የገጠመው ታች ለምንቀመጠው አልነበረም። መሰላሉን እንደያዝኩ ነኝ። የተማሪ ቤት ልብሱን በየዓመቱ የሰፋሁለት ልጅ አጠገቤ ሲደርስ «እንደምን ዋሉ፣ ጋሽ ታምሩ» አለኝ። እግዚአብሔር ይመስገን እንኳ አላልኩትም።

እንደወሰዱት ዳንኤል አልተመለሰም። ሬሳውም አልመጣም፣ ለቅሶም አልተቀመጡም። ሰሌዳዎቹን ቀበሌው ነቅሎ ወሰዳቸው፤ የሊቀመንበሩን ቢሮ የሚያክል ቀዝቃዛ ቦታ የለም ይባላል። መምህሩ ታስሮ ሲፈታ ይቅርታ ልጠይቀው ሄድኩ፣ እግሩ ላይ ልወድቅ ጎንበስ ስል ክንዴን ያዘኝ።

«ተው ታምሩ» አለኝ። «ቤቱ እኮ እውነትም ቀዝቅዞ ነበር።» ተማሪ ትክክል ሲመልስለት እንደሚለው ዓይነት ነው የተናገረው።

እስካሁን እሄዳለሁ። እትዬ አስካለ ውሃ ትሰጠኛለች። ቤቱ እንደ ሁላችንም ቤት ይነዳል፣ ላቤ በጀርባዬ ይወርዳል፣ ሦስታችንም እንቀመጣለን። ስለ ሙቀቱ ቃል አልተነፍስም።