ፓስፖርት ያለው ጠመንጃ

ድሮ አገር ቤት ጠመንጃ እንደ ቤተሰብ ነበር። ሠርግ ይሄዳል፣ ለቅሶ ይደርሳል፣ አውቶቡስ ይሳፈራል፤ ያውም ያለ ቲኬት። ይህን ያጫወቱኝ እዚህ በስደት በምንኖርበት ሆግቭሊት በሚባል ሰፈር ጎረቤቴ የሆኑት ጋሽ ሀብተ ናቸው። አስመራ ተወልደው፣ በጉብዝናቸው ከአዲስ አበባ ደሴ አውቶቡስ ሲነዱ አማርኛውን ያቀላጠፉ፣ እዚህ ደግሞ ከነዳጅ ማጣሪያ ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። ያኔ ባለ ጠመንጃ ሲሳፈር የሚሉት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ «ወንድሜ፣ አፈሙዙን ወደ መስኮት!» ፍተሻው አለቀ።

ባለቤታቸው ካረፉ ወዲህ ቤቱ ጭር ሲልባቸው የዒላማ ተኩስ ክበብ ገቡ። ባለፈው ጸደይ ክበቡ ፖርቱጋል ለአዛውንቶች ውድድር ሲጋበዝ «እሄዳለሁ» አሉ። ልጃቸው ሊዲያ አለቀሰች። እናቷ ከሞተች ወዲህ አባቷ አንድ ነገር ሲያምራቸው ስታይ የመጀመሪያዋ ነበራ!

ወረቀቱ ግን አይጣል ነው። ብታምኑም ባታምኑም፣ እዚህ ጠመንጃ የራሱ ፓስፖርት አለው። «እኔ ስንት ዓመት ደጅ ጠንቼ ያገኘሁትን እሱ በሳምንታት አገኘው» አሉ ጋሽ ሀብተ። ቅናት ሳይሆን አይቀርም።

በእኔ መኪና ስኪፖል አውሮፕላን ማረፊያ ደረስን። ጥይቱ ለብቻው ታሽጓል፤ ባዶው ጠመንጃ ባለ ቁልፍ ሣጥን ውስጥ ነው። ሣጥኑን ሊዲያ ከፊት፣ እኔ ከኋላ ይዘን እንደ ሙሽራ አጀብነው።

«ጠመንጃ ይዣለሁ» አሉ ጋሽ ሀብተ ለመንገደኛ መዝጋቢዋ፣ በሹክሹክታ።

«ምን አሉ?»

ደገሙላት። ሰልፉ ሁሉ ሰማ። ወዲያው አንድ ታጣቂ ፖሊስ መጣ፤ ጋሽ ሀብተ ወደ እኔ ጠጋ አሉ።

«መጀመሪያ የመጣሁ ቀን» አሉኝ በጆሮዬ፣ «እንዲህ ያለ ፖሊስ ፊት ነው ያለ ወረቀት ቆሜ ያለቀስኩት።»

«አባዬ፣ ሩስተኽ፣ ተረጋጋ! አሁን እኮ ወረቀት አለህ» አለች ሊዲያ የዚህን አገር ቋንቋ ከአማርኛ ቀላቅላ። እዚህ ያደገ ልጅ አንቱታን ከየት ያመጣል? ያቺ «አለህ» ግን ከመቶ «አለዎት» ይልቅ አጽናናቻቸው።

ፖሊሱ ሣጥኑን አስከፍቶ ቁጥሩን ከፓስፖርቱ ጋር አመሳከረና «መልካም ውድድር፣ ጌታዬ» አለ። ጌታዬ! ጋሽ ሀብተ ዕድሜያቸው በአንዴ በአሥር ዓመት ቀነሰ።

እኔ ሆግቭሊት ተመልሼ የመኪናዬን ኋላ ስከፍት ሻንጣቸው ቁጭ ብሏል። ሦስታችንም ጠመንጃ ስናጅብ ልብሳቸውን፣ ይባስ ብሎ ያለእሱ ዒላማ የማያዩበትን መነጽር የያዘውን ሻንጣ ያወረደ የለም። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ወደድኩ።

በአራተኛው ቀን ልቀበላቸው ስሄድ የሰው ሸሚዝ ለብሰው፣ ፊታቸው በፀሐይ ጠቁሮ ብቅ አሉ። አንዲት ጥይት አልተኮሱም። ይቅርታ ልጠይቅ አፌን ስከፍት በእጃቸው ከለከሉኝ።

ለካስ ተኳሾቹ ተራ ሲጠብቁ እሳቸው የመጫወቻ ካርታ አግኝተው፣ ሽማግሌዎቹን ሁሉ ኮንካን አስተምረዋቸው ኖሯል። በመጨረሻው ቀን ዒላማው ፊት ሰው ጠፋ፤ ሁሉም ጋሽ ሀብተ ጠረጴዛ ዙሪያ ነበር።

«ለከርሞም ጋብዘውኛል» አሉኝ መኪና ውስጥ ገብተው ቀበቷቸውን እያሰሩ። «ጠመንጃውን ግን ማምጣት የለብዎትም ብለውኛል።»