የባዶ ፔርሙዝ ጥቅም

አምቦ ውስጥ ሰዓት ማክበር የፈለገ ሰው፣ መጀመሪያ ሰው አለማወቅ አለበት። እኔ ደግሞ እዚሁ ተወልጄ፣ እዚሁ አድጌ፣ ይኸው አርባ ስድስት ዓመቴ። ችግሬ ይህ ነው፤ ሌላ የለብኝም።

ምን ለማለት ፈልጌ መሰላችሁ? የምሠራው ጉደር ነው፣ አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ፣ መዝገብ ቤት። ጉደር ቅርብ ነው። ሚኒባስ ውስጥ ከጎናችሁ ካለው ሰው ጋር የጀመራችሁትን ወሬ ሳትጨርሱ ትደርሳላችሁ። ሩቁ ከቤቴ እስከ ሚኒባሱ ያለው መንገድ ነው። በእግር ሃያ ደቂቃ ይፈጃል። ሃያ ደቂቃ የምላችሁ ግን ለውሻ ነው። ውሻ ሰላምታ የለበትማ!

እኔ ገና ከበሬ ስወጣ ኦቦ ዲንቃ አሉ። ጡረታ የወጡ አስተማሪ ናቸው፤ ማለዳ ማለዳ አጥራቸው ሥር ወንበር አውጥተው ፀሐይ ይሞቃሉ። "አካም ቡልቴ? ነጋ?" ይላሉ። ነጋ እላለሁ፤ ሰላም ነው ማለቴ ነው። ልጆቹስ? ነጋ። "ሎንስ ነጋ?" ከብቶቹስ ደህና አደሩ ማለታቸው ነው። ከብት የለኝም። ኖሮኝም አያውቅም። ግን ሰላምታ መሀል እንዲህ ያለ ነገር ይነሣል እንዴ? ነጋ ብዬ አልፋለሁ። ማለፍስ ባለፍኩ! ከከብቱ ቀጥሎ ዝናቡ አለ፤ ከዝናቡ ቀጥሎ ስምንተኛ ክፍል ሲያስተምሩኝ ሒሳብ እንዴት እንዳስቸገረኝ።

ከሳቸው ስላቀቅ ወረድ ብሎ ሐጂ ሸምሱ አሉ። ከስልጤ መጥተው ጨርቅ መነገድ ሲጀምሩ እኔ ልጅ ነበርኩ። ሱቃቸው ለዝናብም ለበዓልም ተዘግቶ አያውቅም። የሱቁ መዝጊያ ከባድ ነው፤ ሲከፍቱ ከደረስኩ አንዱን ጫፍ ይዤ ማንሣት አለብኝ። ካነሣሁ በኋላ ደግሞ እንዴት ዝም ብዬ እሄዳለሁ? ልጃቸው ሆሳዕና ከተማ ደርሷል አልደረሰም፣ እሱን መስማት አለብኝ።

መሥሪያ ቤት ስደርስ የፊርማው ወረቀት ጠረጴዛው ላይ የለም። አለቃችን አዴ ጫልቱ ልክ ሁለት ሰዓት ተኩል ሲል አንሥተው መሳቢያቸው ውስጥ ይቆልፉበታል። አዴ የምንላቸው ስለምናከብራቸው ነው። ስለምንፈራቸውም ነው።

አልሞከርክም እንዳትሉኝ። በየዓመቱ መስከረም አንድ ቀን "ዘንድሮ አላረፍድም" ብዬ እምላለሁ። አንዱን ዓመት እንዲያውም በወረቀት ጽፌ ፍሪጁ ላይ ለጠፍኩት። ባለቤቴ አስቴር አነበበችና ከሥሩ "ዳቦ ግዛ" ብላ ጨመረችበት። ከሁለቱ የተፈጸመው ዳቦው ነው።

መሥሪያ ቤቱም ደክሞልኛል። አንድ ጊዜ ሥልጠና አዘጋጁልንና አሠልጣኙ "ግብ ይኑራችሁ! ቆራጥ ሁኑ!" እያለ ጉሮሮው እስኪደርቅ አስተማረን። ጥሩ ተናጋሪ ነበር። የመጣው ግን አንድ ሰዓት ተኩል አርፍዶ ነው። መንገድ ላይ የድሮ የክፍል ጓደኛውን አግኝቶ ነው አሉ።

ግማሽ ሰዓት ቀድሜ መነሣት ጀመርኩ። ኦቦ ዲንቃ ደስ አላቸው። "ዛሬስ ጊዜ አለህ!" ብለው ሁለተኛ ወንበር አስወጡልኝ። በጀርባ መንገድ ልሂድ አልኩ። ሳምንት ሳይሞላ እዚያም ወዳጅ አፈራሁ። በመጨረሻ አንገቴን ደፍቼ መሮጥ ሞከርኩ። ሐጂ ሸምሱን ቀና ብዬ ሳላይ አለፍኳቸው። በማግሥቱ ሦስት ሽማግሌ ቤቴ ከተፍ አለ። ከሐጂ ጋር ምን አጣላችሁ? ኧረ ምንም። ታዲያ ለምን ዘጋሃቸው? ብታምኑም ባታምኑም፣ ሳንጣላ ታረቅን። እርቁ የተደረገው በሥራ ቀን ጠዋት ነበር። ሁለተኛው የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ የተጻፈልኝም የዚያን ዕለት ነው።

አዴ ጫልቱ ቢሯቸው ጠሩኝ። ከዛሬ ጀምሮ ሁለት ወር ሳላረፍድ ከቆየሁ ሁለቱ ደብዳቤዎች ከፋይሌ እንደሚወጡ ነገሩኝ። አንዲት ቀን ካረፈድኩ ግን ሦስተኛው ደብዳቤ የስንብት ነው። ሁለት ልጆች አሉኝ። ትልቋ ዩኒቨርሲቲ ልትገባ ነው። ሌላ ሥራ አላውቅም። ፈራሁ፣ ምን ልደብቃችሁ።

በዚያው ሰሞን የአስቴር እህት ከባኮ መጥታ አምቦ ሆስፒታል ገባች። ትርፍ አንጀት ነው። አስቴር ስታስታምም አደረች፤ ጠዋት ቁርስ የማድረሱ ተራ የእኔ ሆነ። ዘንቢሉን አነሣሁ፤ ምሳ ዕቃው ከታች፣ የአስቴር ፔርሙዝ ከላይ፣ ቀይ ክዳኑ ብቅ ብሎ። ከበሬ ወጣሁ።

ኦቦ ዲንቃ ዘንቢሉን አዩ። ከወንበራቸው ተነሥተው ባርኔጣቸውን አወለቁ። "ዋቀዮ ሲፍ ሃ ፈይሱ" አሉኝ። እግዜር ይማርልህ ማለታቸው ነው። በቃ! ከብት የለ፣ ዝናብ የለ። ሐጂ ሸምሱ መዝጊያውን ብቻቸውን እየታገሉ ነበር፤ ላግዝ ስጠጋ "ወላሂ አትቆምም! አላህ አፊያውን ያምጣልህ" ብለው አባረሩኝ። ቁርሱን አድርሼ ሚኒባስ ተራ ስደርስ ሰው ሁሉ ገለል አለ፤ ጋቢና አስቀመጡኝ። ጉደር ሃያ ደቂቃ ቀድሜ ደረስኩ። አዴ ጫልቱ ሰዓታቸውን አዩ፤ ቆሟል ብለው ጆሯቸው ላይ አደረጉት።

በአራተኛው ቀን እህቷ ድና ወጣች፤ እኔም እጄን እያወዛወዝኩ ወጣሁ። ኦቦ ዲንቃ ያዙኝ። አንጀቱን በየት በኩል እንዳወጡት፣ ስንት ስፌት እንደተሰፋች፣ ሐኪሙ የማን ልጅ እንደሆነ አንድ በአንድ ጠየቁኝ። የፈረምኩት አዴ ጫልቱ ወረቀቱን በአንድ ጫፍ እየጎተቱ ነው።

በአምስተኛው ቀን ማለዳ ወጥ ቤት ገብቼ ዘንቢሉን አየሁት። ባዶውን ፔርሙዝ ከላይ አድርጌ አነሣሁት። ዋሸህ ትሉኛላችሁ? ለማን ምን አልኩ? አንድ ቃል አልተናገርኩም። ፔርሙዝ ይዞ መሄድ ደግሞ አልተከለከለም።

ከዚያ በኋላ ያለውን ሕይወቴን ብታዩልኝ! መማል የለ፣ መቁረጥ የለ፣ ፍሪጅ ላይ መለጠፍ የለ። ዘንቢሉን ማታውኑ በር ላይ አስቀምጠዋለሁ፤ ጠዋት እጄ ራሱ ያነሣዋል። እግሬ ይሄዳል። እኔ ገና በቅጡ ሳልነቃ ጉደር ደርሻለሁ። አንድ ወር አለፈ። ሥራ ባልደረቦቼን መምከር ጀመርኩ። ቆራጥነት ትርፉ ድካም ነው፤ ዋናው አሠራር ነው፤ አሠራርህን አንዴ ካበጀህ ሰነፍም ብትሆን ይሸከምሃል እላቸዋለሁ። አሠራርህ ምንድን ነው ሲሉኝ ግን ወሬ እቀይራለሁ።

ሁለት ነገር ግን ረስቼ ነበር። አንደኛው፣ ሁለቱ ወር ሊሞላ ሲል አስቴር እናቷን በበቆሎ ሥራ ልታግዝ ባኮ ሄደች። ሁለተኛው፣ የአምቦ ሰው ነው። የአምቦ ሰው በሽተኛ ያለበትን ሰው "ማነው የታመመው?" ብሎ አያፋጥጥም፤ ነውር ነው። ካልነገረን ከባድ ነው ይላል፤ ራሱ ያስባል። አስቴር ገበያ ላይ አትታይም። አስቴር ቤተ ክርስቲያን የለችም። ባልየው በየቀኑ ማለዳ ፔርሙዝ ይዞ፣ ሰው ፊት ሳያይ፣ በሆስፒታሉ አቅጣጫ ይከንፋል። እናንተ ብትሆኑ ምን ትላላችሁ?

የሁለቱ ወር የመጨረሻ ቀን ደረሰ። ዛሬን ከፈረምኩ ተገላገልኩ። ዘንቢሌን አንሥቼ በሩን ከፈትኩ። መንገዱ በሰው ተሞልቷል። የዕድራችን ሰዎች ናቸው። ከፊት ኦቦ ዲንቃ ቆመዋል፣ ነጭ ጋቢ ለብሰው። አጠገባቸው ሐጂ ሸምሱ፣ አንድ ትልቅ ዘለላ ሙዝ ተሸክመው። ዞር ብዬ ወደ ታች ሳይ የሐጂ ሱቅ ዝግ ነው።

"ያ ታዴ" ብለው በስሜ ጠሩኝ ኦቦ ዲንቃ፣ "ሰው ብቻውን ያስታምማል? እኛ ሞተናል? በል ምራን፤ ዛሬ አስቴርን ሳናይ አንገባም።"

እዚያው ላይ እውነቱን መናገር ነበረብኝ። አውቃለሁ። ግን ሰውየው ዓይናቸው እንባ አቅርሯል። መራኋቸው። ሃያ አምስት ሰው አስከትዬ፣ ባዶ ፔርሙዝ ይዤ፣ ደህና የሆነች ሚስቴን ልጠይቅ ወደ ሆስፒታል ሄድኩ። ሰዓቴን አየሁ፤ ሁለት ከሃያ። ሥራዬ በደቂቃ በደቂቃ ስትሄድ ትታየኛለች።

ሆስፒታሉ በር ላይ ማን ቆሞ ቢጠብቀን ጥሩ ነው? አዴ ጫልቱ! ወሬው ጉደር ደርሶ፣ የብርቱካን ጭማቂ ይዘው ነዋ። "ሚስቱ ተኝታ አንድ ቀን ሳያረፍድ ሁለት ወር!" ብለው ለኦቦ ዲንቃ ነገሯቸው። የምስጋና ደብዳቤ ሊያጽፉልኝ አስበው ኖሯል። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ወደድኩ።

በዚህ መሀል ስልኬ ጮኸ። ስልኬ ደግሞ ተበላሽቷል፤ በድምፅ ማጉያ ካልሆነ አይሰማም። አነሣሁት። አስቴር ናት።

"አንተ! እኔ ምን ሆኜ ነው ሆስፒታል የተኛሁት?" አለች። ድምጿ እንኳን እዚያ ለቆሙት ለተኙትም ይሰማል። "እናቴን ከአምቦ ደውለው አይዞሽ ብለዋት እያለቀሰች ነው! አጠገቧ ቁጭ ብዬ በቆሎ እየፈለፈልኩ፣ እኔን እያየች ለእኔ ታለቅሳለች!"

ሐጂ ሸምሱ ብቻ ቀስ ብለው "አልሐምዱሊላህ፣ ድምጿ ተሽሏታል" አሉ።

ኦቦ ዲንቃ ፔርሙዙን ከዘንቢሉ አወጡ። ክዳኑን ፈቱ። በአንድ ዓይናቸው ወደ ውስጥ አዩ። ገለበጡት፤ አንዲት የደረቀች የሻይ ቅጠል መዳፋቸው ላይ ወደቀች። ያኔ ሁሉንም ተናገርኩ፤ ሰላምታውን፣ ከብቱን፣ የሱቁን መዝጊያ፣ ሦስተኛውን ደብዳቤ፣ ሁሉንም። እንዲያ ያፈርኩበት ቀን በዕድሜዬ የለም። ያሳፈረኝ መያዜ ብቻ አይደለም። እነዚህ ሰዎች "ደግ እንሁን" ብለው መስከረም አንድ ቀን አልማሉም። ታሟል ሲባል ተነሥቶ መሄድ እግራቸው ለምዶታል፤ በቃ። እኔ በሁለት ወር አሠራሬ ስኩራራ፣ እነሱ ከአባታቸው በወረሱት አሠራር በአንድ ማለዳ ጠራርገው ወሰዱኝ።

ይሰድቡኛል ብዬ ስጠብቅ ኦቦ ዲንቃ ፔርሙዙን ዘንቢሉ ውስጥ መለሱና፣ "ታዲያ ከብት የለኝም አትልም ነበር?" አሉኝ። ቀጥለውም ወደ ሰዎቹ ዞረው፣ የመጣነው ለጥየቃ ነው፤ ሳንጠይቅ አንመለስም አሉ። ሃያ አምስቱም ገቡ። ጠያቂ የሌለውን በሽተኛ እየፈለጉ ሙዙን አደሉ። አዴ ጫልቱ ከእንጭኒ የመጡ አንዲት ባልቴት አልጋ ላይ ተቀምጠው ጭማቂ ሲያጠጡ አየኋቸው።

ስንወጣ ሦስት ሰዓት አልፏል። አዴ ጫልቱን ልሰናበት ተጠጋሁ። ቦርሳቸውን ከፍተው የመሳቢያቸውን ቁልፍ አሳዩኝ። የፊርማው ወረቀት እዚያው ተቆልፎበታል፤ ስለዚህ ዛሬ የፈረመ የለም። የፈረመ ከሌለ ያረፈደም የለም አሉ፣ ፊታቸውን ሳይፈቱ። እጃቸውን ልስም ስል ዘንቢሉን ከነፔርሙዙ ተቀበሉኝ። "ይህ ግን በማስረጃነት ይያዛል" አሉ።

አሁን ያለ ዘንቢል ነው የምሄደው። ኦቦ ዲንቃ መላ ፈጠሩልኝ፤ ተቀምጠው ሰላም ማለት ትተው፣ በየማለዳው በሬን ያንኳኳሉ፤ እስከ ሚኒባሱ እየሄድን ሰላም እንባባላለን። አንድ ቀን ቀርተው አያውቁም። በመንገድ ላይ የሐጂን መዝጊያ በሦስት እናነሣለን። ከብቶቹን አሁንም ይጠይቁኛል። ነጋ እላለሁ። ሰሞኑን እንዲያውም አንዷ ወለደች ብያቸዋለሁ።

የቀረብኝ ጣጣ የአስቴር ነው። "ፔርሙዜስ?" ትላለች በየቀኑ። በማስረጃነት ተይዟል እላታለሁ።

ባለፈው ሐሙስ ከኦቦ ዲንቃ ጋር ሚኒባስ ተራ ስንደርስ ሰዉ ለሁለት ተከፍሎ ለአንድ ሰው መንገድ ሲለቅ አየን። "ዋቀዮ ሲፍ ሃ ፈይሱ" ይላል አንዱ፤ "እግዜር ይማርልዎት" ይላል ሌላው። አዴ ጫልቱ ናቸው፤ አምቦ አድረው ነው መሰል፣ ሰዓታቸውን እያዩ ይጣደፋሉ። ክንዳቸው ላይ ዘንቢል አለ፤ ከዘንቢሉ ቀይ ክዳን ብቅ ብሏል።

ዓይን ለዓይን ተጋጠምን። ምን ልበል? ባርኔጣዬን አወለቅሁና፣ "እግዜር ይማርልዎት፣ አዴ" አልኳቸው።

"አሜን" አሉኝ፤ ጋቢና ገቡ።