ግድግዳ ላይ የተገኘ ዘመድ

ሰው ቤት ገብቶ፣ ግድግዳው ላይ ያለውን ፎቶ ሁሉ "ይሄ ማነው?" ሳይል የማይቀመጥ እንግዳ ገጥሟችሁ ያውቃል? እኔ ገጥሞኛል፤ ያውም በሽምግልና ቀን።

ደብረ ብርሃን ያከራዩኝ እትዬ አስካለ፣ ልጃቸውን የሚጠይቁ ሽማግሌዎች ከአንኮበር ሊመጡ ሲሉ የሳሎናቸውን የእርጥበት እድፍ ከእኔ ክፍል በተዋሱት ሥዕል ሸፈኑት። ሥዕሉ በድሮ የሳይንስ መጻሕፍት አሳሳል የተሠራ፣ ድንጋይ ሆኖ የቀረ የዓሣ አጽም ነው፤ በወፍራም ወረቀት ታትሞ ፍሬም ገብቷል። መምህር አይደለሁ? ወድጄ ገዛሁት።

ትልቁ ሽማግሌ ከአያት ፎቶ እስከ ምረቃ ፎቶ ጠይቀው ዓሣው ዘንድ ደረሱ።

"ይሄኛውስ ማነው?"

"ዓሣ ነው" ብል ይበቃ ነበር። እኔ ግን ማስረዳት ጀመርኩ። "አባባ፣ ይህ ከብዙ ሚሊዮን ዓመት በፊት የኖረ የሁላችንም ዘመድ ነው።"

 ሁለቱ ቤተሰቦች እስከ ሰባት ቤት ዘር ቆጥረው "ዝምድና የለም" ካሉ በኋላ ነበር ሽማግሌ የተላከው። ዝምድና ካለ ጋብቻው ቀረ ማለት ነው።

"የሁላችን? የልጁም የልጅቷም?"

እትዬ አስካለ ሲያፈጡብኝ ሻንጣዬ ደጅ ተቀምጦ ታየኝ።

"አዎ፣ ግን በጣም ሩቅ..."

"ሰባት ቤት አልፏል ወይስ አላለፈም?"

"ኧረ ሚሊዮን ቤት አልፏል!"

"ታዲያ ምን ታስደነግጠናለህ፣ አንተ ልጅ!" ብለው ተቀመጡ። ልጅቷም ተሰጠች።

ሥዕሌን ግን እስካሁን አላገኘሁም። ስጠይቃቸው እትዬ አስካለ ይቆጣሉ፦

"ሽማግሌ ፊት የተቆጠረ ዘመድ እንዴት ይወርዳል?"