በረኛ የሌለው ፎቶ

ፎቶ ቤት የተፈጠረው እንደሆንነው ሊያሳየን ሳይሆን እንደተመኘነው ሊያሳየን ነው ብል አትቆጡኝ። እናንተ የነገሌ ሰዎች፣ በፎቶ ቤት ኮት ያልተነሳ ካለ እጁን ያውጣ። እኔ ራሴ መታወቂያዬ ላይ ያሰርኩትን ከረባት ከዚያ ወዲህ አይቼው አላውቅም።

ፎቶ አንሺያችን ጋሽ ታምራት ግን ከኮትም አልፈው ማሊያ ያለብሱ ነበር። ደርግ ከወደቀ ጥቂት ዓመታት በኋላ የገበያ ሰፈር ልጆች የካምፑን ቡድን፣ ማለትም የወታደሮቹን ልጆች፣ አንድ ለዜሮ አሸነፉና ፎቶ ሊነሱ መጡ። ማሊያ የላቸውም፤ አንዱ ሸሚዝ፣ ሌላው ካናቴራ ለብሷል። ጋሽ ታምራት በጥቁርና ነጭ አነሷቸው፤ ከዚያ ብሩሻቸውን ይዘው ፎቶው ላይ ሁሉንም ቀይ ማሊያ አለበሷቸው። ሁሉንም! ኳስ አያውቁም፤ በረኛው ቦሩ ሌላ ቀለም መልበስ እንዳለበት ማን ይንገራቸው?

ፎቶው ሻይ ቤት ተሰቀለ። አግቢውን ከተማው ሁሉ ያውቀዋል፤ ቦሩን ግን ማንም በረኛ ነበር ብሎ አያስበውም። ወጣቶቹ «በእናንተ ጊዜ በረኛ አልነበረም እንዴ?» እያሉ ሲቀልዱ አብሮ ይስቃል። ለትምህርት ቤቷ ቡድን በረኛ መሆን የጀመረችው ልጁ ጫልቱ ፎቶውን አይታ «አባ፣ በረኛ ነበርኩ ያልከኝ ታዲያ የቱ ጋ ነው?» ያለችው ቀን ግን አልሳቀም። አንጀቴን በላው።

በማግስቱ ጋሽ ታምራትን «ጋሼ፣ እባክዎ ልብሴን ይመልሱልኝ» አላቸው። እሳቸውም አሁን በኮምፒውተር ነው የሚሠሩት።

«አንዴ ተሳስቻለሁ፣ ልጄ። ቀለሙን ካንተ ሌላ ምስክር ይንገረኝ» አሉት።

ሻይ ቤት ተሰበሰብን። ቦሩ ልጁን አጠገቡ አስቀመጠ። ተከላካዩ «ወላሂ፣ አረንጓዴ ነው!» ብሎ ማለ። ሌላው ጥቁር ነው አለ። አግቢውማ «ለመሆኑ ያን ቀን ኳስ ወደ አንተ መጥታ ነበር?» ብሎ ቦሩን ጠየቀው። ምን ይፈረድበታል፣ ወደ ኋላ ዞር ብሎ አይቶ አያውቅ! ጫልቱ አንገቷን ደፋች።

ጥግ ላይ ሻይ የሚጠጣው ጌታቸው ነበር፤ ያኔ የካምፑ አጥቂ፣ ዛሬ የሞያሌ መስመር ሹፌር። ብርጭቆውን አስቀመጠ።

«ቢጫ ሹራብ ነው» አለ ወደ ጫልቱ ዞሮ። «በዚያ ሙቀት ሹራብ! ክርኑ ላይ የተቀደደ። ያን ቀን ጎሉን አላየሁትም፣ ልጄ። በመታሁ ቁጥር ፊቴ የሚቆመው ያ ሹራብ ነበር። እስካሁን በሕልሜ ይመጣብኛል።»

ቦሩ ቀና ማለት አቃተው። ጫልቱ ግን እጁን ይዛ ጣቶቹን አንድ በአንድ ታያለች።

ጋሽ ታምራት ሹራቡን ቢጫ አደረጉት፤ አሳምረውም አለሰለሱት። ጌታቸው ግን ኮምፒውተሩ ላይ ተደፍቶ «ቀዳዳውስ፣ ጋሼ?» እያለ መፈናፈኛ አሳጣቸው። እያጉረመረሙ ቀደዱት። በሥራ ዘመናቸው አንድን ሰው እንደነበረ ሲያሳዩ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው፤ እሱንም ተሸናፊው አስገድዷቸው።