ከወንበራቸው ያልተነሱት ፊታውራሪ

«አባባ እኮ ምክር ቤት ገብቶ አሥራ አንድ ዓመት ተኝቶ ወጣ። ሌላው ሲነሳ እሱ ንቅንቅ አይልም ነበር።»

ይህችን ወሬ አክስቴ አጸደ ለቅሶ ቤትም ሠርግ ቤትም ትደግማታለች። ትናንት ደግሞ ለሰፈራችን ኮሚቴ ደገመችለት። እኔ አዲሱ የንባብ ክፍል በአያቴ በፊታውራሪ ወንድይራድ ስም ይጠራ ብዬ አመልክቼ ነበር። ከስድስተኛ ክፍል ወዲህ ያስተማሩኝ እሳቸው ሲሞቱ የተዉልኝ መጻሕፍት ናቸውና። ኮሚቴው ሳቀ፤ ስሙንም ሲሚንቶ ለሰጠ አንድ ነጋዴ ሰጠው። ተናድጄ ተኛሁ።

በሕልሜ አያቴ የነበሩበት የላይኛው ምክር ቤት ምድር ቤት ወርዶ አየሁት። ድሮ ንጉሡ መኳንንቱንና ሽማግሌዎቹን እየመረጡ ይሾሙበት ነበር፤ አሁን ሿሚዎቹ ዘበኞቹ ሆነዋል። ደጃዝማቾቹ ካባቸውን እንደ ደረቡ አንዲት ድንች ሻጭ ደጅ ይጠናሉ። እሷ ቀና ብላም ሳታያቸው ነገ ተመለሱ ትላለች። የሕግ ረቂቆቹ መነጽር አድርገው ሰዎቹን ያነብባሉ፤ ያልጣማቸውን ሰው ይሰርዛሉ።

ወዲያው አዳራሹ ውስጥ ነበርኩ። ቀዩ ምንጣፍ ጣሪያው ላይ ተነጥፏል። የአያቴ ሣጥን ሲከፈት የሚሸተው ያ የአሮጌ ወረቀት ሽታ አወደኝ። እሳቸው የመጨረሻው ረድፍ ላይ፣ እጃቸውን ከዘራቸው ላይ ደርበው ተቀምጠዋል። ዓይናቸው ግልጥ ነው።

ፕሬዚዳንቷ በቅሎ ነበረች። «ይህ ምክር ቤት እንዳልነበረ ይቆጠር» ብላ አነበበች። አዳራሹ በሙሉ ብድግ አለ። አያቴ አልተነሱም።

እጃቸውን ይዤ ጎተትኩ። «አባባ፣ ይነሱ እንጂ። አክስቴ እያየች ነው።»

«ለምን ልነሳ፣ ልጄ?»

«ተኝቷል እንዳይሉዎት። የንባብ ክፍሉን በስምዎ እንዲጠሩልኝ።»

«እንግዲህ ለአንቺ ስል» አሉና ጉልበታቸው እየተንቋቋ ተነሱ። በቅሎዋ «በሙሉ ድምፅ አለፈ» አለች። ወንበሮቹ ተራ በተራ በበሩ ወጥተው ሄዱ። እኔ አጨበጭባለሁ።

የቀሰቀሰኝ ስልክ ነው። የዚያ ምክር ቤት ቃለ ጉባኤ ጸሐፊ የነበሩት አቶ በላቸው ናቸው፤ ዘጠናን አልፈዋል። ማመልከቻዬን ሰምተው ሊያግዙኝ ነው የደወሉት። ነገሩ ትናንት እንዳለቀ፣ አክስቴ ያለችውንም ነገርኳቸው።

«ምን ተኙ ትላለች? እኛ ምክር ቤት ድምፅ ሲሰጥ የሚነሳው የተስማማ ነው፤ የተቃወመ ይቀመጣል። አያትሽ ሠላሳ ሁለት ጊዜ ብቻቸውን ተቀምጠዋል፣ በእጄ ነው የጻፍኩት። ስንቱ እጃቸውን ይዞ ጎተተ መሰለሽ። አንድም ሰው አላስነሳቸውም።»