ዓቃቤ ሚዛን ደረቁ የትምህርት ቤታቸውን ባሕር የተሻገሩበት ዜና

ዓቃቤ ሚዛን ደረቁ በተወለዱ በሃምሳ አንደኛው ዓመት፣ በእናታቸው ዘመነ ትዕግሥት፣ ዳይሬክተር ፊሽካ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱን ወንበር በያዙ በአራተኛው፣ የኳስ ሜዳው እኩሌታ ተቆርሶ የዋና ገንዳ በሆነበት ወራት፣ ነገር ሁሉ ከመለወጡ በፊት የነበረው ሁኔታ ይህ ነው። ገንዳው ሞልቷል፤ ማንም አልገባበትም። ውኃው ሰማያዊ ይመስላል፤ ሰማያዊው ግን ከሥሩ የተነጠፈው ሴራሚክ ነው። በአንደኛው ጥግ አንዲት የፕላስቲክ ኩባያ ያለ አለቃ ትንሳፈፋለች። በዳርና ዳር የተማሪ ወንበሮች ተደርድረዋል፤ ከፊተኞቹ አራቱ ነጭ ጨርቅ ለብሰው፣ ትምህርት ቤቱ አስተምሮ ለወግ ለማዕረግ ያበቃቸውንና ዛሬ ሊሸልማቸው የጠራቸውን አራት ልጆቹን ይጠብቃሉ። ከአራቱ አንዱ ደረቁ ናቸው። ደረቁም እስከዚያች ዕለት ድረስ ከቁርጭምጭሚታቸው በላይ በሚደርስ ውኃ ውስጥ ቆመው አያውቁም።

ይህን ስም ያወጡላቸው የክፍል ጓደኞቻቸው ናቸው። በዘመነ ቁምጣ፣ ልጅ ሁሉ ከትምህርት ቤት ሾልኮ ወደ ወንዝ ሲወርድ፣ እርሳቸው የሌሎቹን ልብስ እየጠበቁ ከድንጋይ ላይ ይቀመጡ ነበርና፣ ጨዋታቸውም እንደ ልብሳቸው ውኃ አይነካውም ነበርና፣ ደረቁ ተባሉ፤ ስሙም ጸና። ወእምድኅረ ዝንቱ አድገው፣ ተምረው፣ የገበያ ሚዛን ወደሚፈትሸው መሥሪያ ቤት ገቡ። ያ መሥሪያ ቤት ሁለት ክፍል አለው፤ አንዱ ቅርንጫፍ ክፍል፣ ሁለተኛው ዋና ክፍል። ደረቁም በዋናው ክፍል ላይ ተሾሙ፤ ኪሎን በኪሎ እያመዛዘኑ፣ የሥጋ ሻጭ ጣት ከሚዛን ላይ እንዳያርፍ እየከለከሉ፣ በቀናው ሚዛን ላይ የእርሳስ ማኅተም እያሳረፉ ብዙ ዘመን ገዙ። ነገር ግን ልክ የሆነ ሚዛን ጭብጨባ የለውም፤ የሚጮኸው የጎደለበት ነው። ስለዚህ ዝናቸው ከገበያ አጥር አላለፈም።

በዚህ ሁሉ ዘመን የተጎዱት እናታቸው ናቸው። ከግንቡ ማዶ የሚኖሩት ጎረቤታቸው የአንድ የልብ ሐኪም እናት ነበሩና፤ ሐኪሙም የደረቁ የክፍል ጓደኛ ነበሩና። ጎረቤቲቱ ልብስ ባሰጡ ቁጥር አንገታቸውን በግንቡ ላይ አስግገው፣ "የኔ ልጅ ትናንት የሰው ልብ ከፍቶ ዘጋ!" ብለው አዋጅ ያስነግሩ ነበር። የደረቁ እናትም የሚመልሱት አዋጅ ያው አንድ ነበር፤ "የኔም ልጅ ዋና ነው!" የምን ዋና እንደሆነ አይዘረዝሩም፤ አጥርተውም አያውቁት፤ ጎረቤቲቱም አልጠየቁ።

ትምህርት ቤቱም የገንዳውን ምረቃና የቀድሞ ተማሪዎችን ሽልማት ባንድ ቀን ሊያደርግ በወሰነ ጊዜ፣ ዳይሬክተር ፊሽካ በየስልኩ መልእክት ሰደዱ፤ "የተሰማሩበትን ዘርፍና ማዕረግዎን በአጭሩ ይላኩልን" የሚል። ደረቁ በሥራቸው ትርፍ ግራም የማይወዱ፣ በቃልም እንዲሁ ነበሩና፣ መላው ዓለም መሥሪያ ቤታቸውን የሚያውቅ መስሏቸው፣ እንዲህ ብቻ ብለው መለሱ፤ "የዋና ክፍል ኃላፊ።"

እነሆ የነገሩ ሁሉ ሥር እዚህ ላይ ነው። ፊደላችን ብዙ ይችላል፤ ማጥበቅና ማላላትን ግን አይጽፍም። ደረቁ "ዋና" ብለው የጻፉት አጥብቀው ነበር፤ አለቃ ለማለት። ዳይሬክተር ፊሽካ ግን ከመሾማቸው በፊት የስፖርት መምህር ነበሩ፤ የቅጽል ስማቸው መነሻ የሆነው ፊሽካ ዛሬም ከአንገታቸው አልወረደም፤ ገንዳውን ማን ዋኝቶ ይመርቅልኝ እያሉም እንቅልፍ አጥተው ነበር። የራበው ሰው ሁሉን ዳቦ አድርጎ ያነባል። አላልተው አነበቡት፤ ከወንበራቸውም ብድግ ብለው "ተገኘ!" አሉ።

በተቀጠረውም ቀን ደረቁ ሙሉ ልብስ ለብሰው፣ ከረባት አጥብቀው ወጡ። የተከተላቸውም ሠራዊት ይህ ነበር፤ እናታቸው፣ ባለ ጥላ፤ ታላቅ እህታቸው፣ ባለ ትልቅ ቦርሳ፣ በቦርሳውም ውስጥ ለመቶ ሰው የሚበቃ መሀረብ፤ የእህታቸው ባል ሾፌሩ፣ ልምጣ ሳይሆን ላድርሳችሁ ያለውና እዚያው የቀረው፤ ከኋላቸውም ጎረቤቲቱ፣ በገዛ ልጃቸው ሽልማት ምክንያት በዚያው መኪና ተሳፍረው፣ መንገዱን ሙሉ ስለ ልብ ቧንቧ እየተረኩ። ደረቁም በነጩ ጨርቅ ላይ ከልብ ሐኪሙ፣ "ዝም በሉ" ከሚባሉት ሴት ዳኛና ገንዳውን ሠርተው ከሰጡት ሥራ ተቋራጭ ጎን ተቀመጡ። በፊታቸው ባለው ጠረጴዛ ላይ ሜዳሊያቸውን አዩት፤ ሁለት ክንዱን ግራና ቀኝ የዘረጋ ሰው ተቀርጾበታል። የሚዛን ክንድ መሰላቸው። እንዴት አስበው ቢያሠሩት ነው ብለው ዓይናቸው እንባ አቀረረ።

ወእምዝ ዳይሬክተር ፊሽካ ፊሽካቸውን ነፍተው፣ ማይክራፎን ጨብጠው ይህን አወጁ፤

"ክቡራንና ክቡራት! ይሄን ገንዳ ማን ይመርቅልን ብለን ስንጨነቅ፣ ለካ የኛው ልጅ አለልን! በከተማው የዋና ክፍል ኃላፊ! በሉ ደረቁ፣ እንግዲህ ስምዎን ዛሬ ያርጥቡትና አንዴ ተሻግረው ያሳዩን! ከዚያ ሜዳሊያው ያንገትዎ ነው!"

አላልተው አወጁት። "ና" አንዲት ብቻ ነበረች፤ ብቻዋን፣ ቀጭን፣ ያለ ጫና። የደረቁም ጆሮ ሰማቻት፤ የሜዳሊያው ሰው ክንድ ለምን እንደተዘረጋም በዚያች ቅጽበት ተገለጠላቸው።

ከኋላ ወንበር የክፍል ጓደኞቻቸው ያለ ማይክራፎን አወጁ፤ "ደረቁ?! ኧረ ይሄ ሰውዬ ፊቱን ሲታጠብ ዣንጥላ ይይዝ አልነበር?" የደረቁ እናት ግን ከመቀመጫቸው ተነሥተው፣ ወደ ጎረቤታቸው ዞረው፣ የዘመናት አዋጃቸውን ፈጸሙ፤ "ሰማሽ? ስንት ዓመት ሙሉ ዋና ነው ብዬ ስነግርሽ! አንቺ መች ጆሮ ሰጠሽኝና!" ቀጥለውም ወደ ልጃቸው፤ "የኔ ጌታ፣ ለእናትህም ትደብቃለህ? በል ቀስ ብለህ፤ ውኃ ቀልድ አያውቅም!"

ዓቃቤ ሚዛን ደረቁ በዚያች ሰዓት የመዘኑትን ያህል ከዚያ በፊት መዝነው አያውቁም። በአንዱ ወጭት ላይ እውነት ተቀመጠች፤ "ተሳስታችኋል፣ እኔ የሚዛን ሰው ነኝ" ቢሉ ከሞት ይድናሉ። ነገር ግን የጠሯቸው ስለ ሚዛን አልነበረምና፣ ከነጩ ጨርቅ ተነሥተው ወደ ኋላ ወንበር ይሄዳሉ፤ እናታቸውም በዚያው መኪና፣ ከዚያችው ጎረቤት ጎን ተቀምጠው ይመለሳሉ። በሌላው ወጭት ላይ እናታቸው ተቀመጡ። መርፌው እንኳ አልተወዛወዘም፤ ወደ እናታቸው አዘነበለ። ደረቁም ከረባታቸውን ፈቱ።

ዳይሬክተሩ የገዛ ራሳቸውን ቁምጣ አዋሱ፤ ቁምጣውም ለሁለት ሰው የሚበቃ ስለነበረ በፊሽካው ክር ወገቡ ታሰረ። ደረቁ ሱሪያቸውን በተኩሱ መስመር አጠፉ፣ መነጽራቸውን ለእህታቸው አስረከቡ፤ መነጽሩ ሲወልቅ ማዶው ጠፋ፣ ባሕሩ ዳርቻ አልባ ሆነ። መሰላሉን በሁለት እጅ ጨብጠው፣ ለውኃው ጀርባቸውን ሰጥተው፣ እንደ ፍርደኛ ወረዱ። ውኃው ቁርጭምጭሚታቸውን አለፈ። ጉልበታቸውን አለፈ። ወደ ታች የተላከው እግራቸው ለዘላለም እየሰመጠ ያለ ሲመስላቸው፣ ድንገት አንዳች ጽኑ ነገር ነካ። መሬት ነበረ።

ወሶበ ረከበ እግሮሙ ምድረ፣ ማለትም እግራቸው መሬት ባገኘ ጊዜ፣ ብልሃት ወደ ልባቸው ገባች። ጉልበታቸውን አጥፈው፣ አገጫቸውን በውኃው ላይ አስደግፈው፣ ከላይ በእጃቸው እየቀዘፉ ከታች በእግራቸው ይሄዱ ጀመር። እጃቸው ይዋኛል፤ እግራቸው ገበያ ይወርዳል። ፀሐይ በውኃው ላይ ታንጸባርቅ ነበርና ሕዝቡ ክንዳቸውን እንጂ ምሥጢራቸውን አላየም። ጭብጨባ ሆነ። ኩባያዪቱ ከጥጓ ወጥታ በግራ ክንፍ ብትገጥማቸው በክርናቸው መቷት አባረሯት። ዳይሬክተሩም፣ "እዩ አዋዋኙን! እግሩ እኮ ጨርሶ አይታይም!" ብለው አወጁ።

ከመሐል አልፈው ወደ ማዶ በቀረቡ ጊዜ ግን አዲሱ ሴራሚክ አዳለጣቸው፤ ደረቁም ከነራሳቸው ሰጠሙ። ውኃው ባፍም በአፍንጫም ገባ። ዳይሬክተሩ፣ "ጠለቀ! ይኸውላችሁ ጠላቂም ነው!" ብለው ሲያውጁ ጭብጨባው በረታ። በዚያ ሁሉ ጭብጨባ መካከል አንዲት አዋጅ ብቻ ከሁሉ በላይ ወጣች፤ እናታቸው ጥላቸውን ወርውረው፣ ከገንዳው አፋፍ ተንበርክከው ይጮኹ ነበር፤ "አውጡልኝ! ዋናውም ይቅርብኝ፣ ሽልማቱም ይቅርብኝ፣ ልጄን አውጡልኝ!"

ደረቁም ራሳቸውን ከውኃ ሲያወጡ ይህን ሰሙ። ወደ ማዶ የቀረው ጥቂት ነበር፤ እንደገና አጎንብሰው፣ እየቀዘፉ፣ ክብራቸውን ይዘው መውጣት ይችሉ ነበር። ነገር ግን እናታቸው አንድ እግራቸውን ወደ ውኃው ልከው ነበር። ያን ጊዜ መዋዔ ማይ፣ ማለትም ውኃን ድል ነሺው ደረቁ፣ ሊቃውንት በማይደርሱበት ድፍረት፣ በሕዝብ ሁሉ ፊት ቀጥ ብለው ቆሙ። ውኃውም ከወገባቸው ወርዶ ታየ። አወጁም፤

"እማዬ፣ አይዞሽ! ቆሜያለሁ! መሬት ነው!"

ከዚያ በኋላ የኋላ ወንበር በሳቅ ፈረሰ፤ ሳቁም ወደ ፊት እየተዛመተ እስከ ነጩ ጨርቅ ደረሰ። የደረቁ እናት ግን አልሳቁም፤ ከተንበረከኩበት ሳይነሡ፣ "ቆሞ ነው እንዴ? ተመስገን! ከመቆም የሚበልጥ ምን አለ!" ብለው አወጁና ደረታቸውን ይዘው ተቀመጡ።

በዚያን ጊዜ በጠረጴዛው ዳር ተቀምጠው የነበሩት የሰዋስው መምህር፣ ሰማንያን ያለፉ፣ ዳይሬክተሩንም ደረቁንም በየዘመናቸው ያስተማሩ፣ ከዘራቸውን ተደግፈው ተነሡ። የሽልማቱን ወረቀት አነሡ፣ አራቁት፣ አቀረቡት፤ ማይክራፎኑንም ከዳይሬክተሩ እጅ እንደ ተሰረቀ ጠመኔ ወሰዱት። አወጁም፤

"ምን ያስቃችኋል? ወረቀቱ አልተሳሳተም፤ አንባቢው ነው የላላው። ይጠብቃል ይላላል ብዬ እድሜዬን ስጨርስ፣ እኚህ ዳይሬክተራችሁ ያኔም በመስኮት ኳስ ነበር የሚያዩት። አሁን አብራችሁኝ በሉ፤ ዋን-ና! ይህ ልጅ፣ በገበያ ሚዛን ሲፈትሽ በዓይኔ ያየሁት፣ የሚዛን መሥሪያ ቤት የዋን-ና ክፍል ኃላፊ ነው። ሽንኩርት ስትገዙ ኪሎው ኪሎ የሚሆንላችሁ በማን ይመስላችኋል? በሻጩ ደግነት? በሉ አጥብቁ!"

ሕዝቡም ተማሪ ሆነ፤ ወንበሩም የተማሪ ነበርና። "ዋን-ና!" አለ ባንድ ድምፅ። ሥራ ተቋራጩ አለ፣ ሐኪሙ አሉ፣ ዳይሬክተሩም ከሁሉ በላይ ጮኸው አሉ፤ ቀድሞም እንዲያ ነበር ያልኩት የሚል ፊት አሳይተው። በሜዳሊያው ላይ ያለው ዋናተኛ ምን ይሁን የሚል ክርክር ቢነሣ፣ ዳኛዪቱ "ዝም በሉ" ብለው ፈረዱ፤ "ክንዱን የዘረጋ ሰው ሚዛን ነው ቢባል ይግባኝ የለውም፤ ይጽደቅ!"

ደረቁም ከውኃው ሳይወጡ፣ እዚያው እንደ ቆሙ፣ መምህራቸው ጎንበስ ብለው ሜዳሊያውን ባንገታቸው አጠለቁላቸው። ጎረቤቲቱ ሻሻቸውን ፈትተው፣ ለደረቁ እናት ሰጡ፤ ራሱን አድርቂለት ብለው። ወደ ቤትም ሲመለሱ መንገዱን ሙሉ ስለ ልብ ቧንቧ የተናገረ አልነበረም። የደረቁ እናት ነበሩ የሚናገሩት፤ ስለ ኪሎ፣ ስለ ማኅተም፣ ስለ ሻጭ ጣት፤ እስከዚያች ቀን ድረስ ያልጠየቁትን ሁሉ ልጃቸውን እየጠየቁ።

እነሆ ይህ የዓቃቤ ሚዛን ደረቁ፣ የመዋዔ ማይ፣ የዐዳዌ ባሕር፣ የባሕር ተሻጋሪው፣ ኩባያ ያባረሩ፣ ሰጥመው የወጡ፣ ክብርን ከእናታቸው እንባ ጋር መዝነው ክብር የቀለለባቸው የዚያ ኃያል ሰው ገድል ነው። እንደ እርሳቸው ያለ ከፊታቸው አልተነሣም፤ በዚያ ገንዳም እንደ እርሳቸው ቀጥ ብሎ የቆመ እስካሁን የለም። በማግሥቱ በገዛ ሜትራቸው ተመልሰው እንደለኩትም፣ ደረቁ በቆሙበት ቦታ የባሕሩ ጥልቀት ዘጠና አራት ሳንቲ ሜትር ነበር።