መጀመሪያ ለገሃር ውረድ

መናኸሪያ ያለው ከተማ ሁሉ አንድ መንገድ አመልካች አለው። ማንም አልሾመው፣ ማንም አይሽረው። ቡሬዎች የራሳቸው አላቸው። ዱርቤቴ ሁለት አሏት ይባላል፤ እርስ በርስ ግን አይነጋገሩም። የእኛ የፍኖተ ሰላሙ ከሁሉም ይልቃል፦ ክቡር ጋሽ ኑርሁሴን፣ የሻንጣ ነጋዴ፣ በፍኖተ ሰላም የለገሃር ባለ ሙሉ ሥልጣን አምባሳደር።

ጋሽ ኑርሁሴን በጉብዝናቸው ጊዜ አዲስ አበባ፣ ለገሃር ባቡር ጣቢያ፣ ከድሬዳዋ የሚመጣ ዕቃ ሲያወርዱ ኖረዋል። ስንት ዓመት እንደኖሩ እንደ ዕለቱ ስሜታቸው ይለያያል። ከዚያ ወዲህ ለእሳቸው ከተማው ለገሃር ነው፤ የተረፈው ዳርቻ ነው። ከመናኸሪያው በር ፊት ለፊት ካለችው ሱቃቸው ሻንጣ የገዛ ሁሉ መንገዱ ይመረቅለታል።

"ወዴት ነህ?" ይላሉ፣ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው።

"ጳውሎስ ሆስፒታል፣ እናቴን ላሳክም።"

"መጀመሪያ ለገሃር ውረድ። ከጣቢያው ፊት ለፊት የአንበሳ ሐውልት ታገኛለህ። ጀርባህን ለአንበሳው ስጥ። ቀሪው ይቀላል።"

ጳውሎስ ከአውቶቡስ ተራ ብዙም እንደማይርቅ፣ ለገሃር ደግሞ በሌላ በኩል እንደሆነ የሚያውቅ ሁሉ ፊቱን አዙሮ ይስቃል። ስመኘው የሚባል የማንኩሳ ሰውማ ሻንጣ የገዛው ባሕር ዳር ለመሄድ ነበር።

"ግድ የለም፣ ስማው" አሉት። "ዕውቀት ሻንጣ ውስጥ ቦታ አይዝም።"

ለገሃርን እስከ አንበሳው ጅራት ድረስ አስረዱት። አውቶቡሱ አመለጠው።

ጎረቤታቸው የቅኔ መምህሩ መሪጌታ እንድሪያስ በሱቁ ባለፉ ቁጥር ሳይነኳቸው አያልፉም።

"ኑርሁሴን፣ የመንግሥተ ሰማያት መግቢያውም በለገሃር ነው?"

"እሱን እርስዎ ያውቃሉ መሪጌታ። እስከ ለገሃር ግን እኔ አደርስዎታለሁ።"

ወጣቶቹ ደግሞ፣ "ጋሼ፣ ባቡሩ እኮ ከቆመ ቆየ! አዲሱም ከዚያ አይነሳም" ይሏቸዋል።

"ሂያጁ ባቡሩ አይደል? ጣቢያ የት ይሄዳል?"

ባለፈው ዓመት ልጄ ያምሮት ሥራ ልትጀምር አዲስ አበባ ሄደች፤ አገሩን ስታይ የመጀመሪያዋ ነው። ሽሮ ሜዳ የምትኖረው አክስቷ ፍሬሕይወት አውቶቡስ ተራ ልትቀበላት ተቀጣጠሩ። በዋዜማው ከጋሽ ኑርሁሴን ሻንጣ ገዛን፤ ያንኑ አረንጓዴውን፣ ባለ ቀይ ዚፑን። ሌላ ዓይነት ሸጠው አያውቁም። ለገሃርም እንደ ደንቡ ተተረከልን።

ስንወጣ፣ "አትስሚያቸው" አልኳት።

"እሺ አባዬ" አለች።

በማግሥቱ አመሻሹ ላይ ፍሬሕይወት ደወለች። "ልጅቷ የለችም! አውቶቡሱ መንገድ ላይ ተበላሽቶ ሰዎቹን በሌላ መኪና አመጧቸው አሉ። የት እንዳወረዷቸው የሚያውቅ ጠፋ። ስልኳም ዝግ ነው።"

ባለቤቴ እንቁ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ ማልቀስ ጀመረች። እኔ እግሬ ወደ መናኸሪያው ወሰደኝ፤ ምን እንደማደርግ ግን አላውቅም። ክፍት ሆና ያገኘኋት ያቺን የሻንጣ ሱቅ ብቻ ነበር።

"ምነው፣ ፊትህ አመድ መሰለ?"

ነገርኳቸው።

"ለገሃርን ነግሬያት ነበር?"

"ነግረዋታል፣ ጋሼ።"

"አንበሳውንም?"

"አንበሳውንም።"

"ታዲያ ምን ያርበተብትሃል? አክስቷን ለገሃር ውረጂ በላት።"

ልቆጣ ነበር። ሌላ የምሞክረው ስላልነበረኝ ደወልኩ።

ፍሬሕይወት መልሳ ስትደውል ትስቅ ይሁን ታለቅስ አልገባኝም። ልጄ አንበሳው ሥር ሻንጣዋ ላይ ተቀምጣ ነበር። ከመኪና ሲወርዱ በነበረው ግርግር ስልኳን ወስደውባታል፤ የአክስቷን ቁጥር በቃሏ አታውቀውም። የአውቶቡስ ተራው ቀጠሮ ሰዓቱ አልፏል፣ የሽሮ ሜዳውንም ቤት አታውቀውም። ከዚያ ሁሉ ከተማ እስከ ምልክቱ ድረስ የምታውቀው ቦታ አንድ ብቻ ነው፤ ለታክሲው ረዳት እሱኑ ነገረችው።

ደግሞም ብቻዋን አልነበረችም። ስትደርስ አንዲት የቋሪት ሴትዮ አረንጓዴ፣ ባለ ቀይ ዚፕ ሻንጣ ላይ ተቀምጣ ወንድሟን ትጠብቃለች። ፈንጠር ብሎ አንድ የቡሬ ሽማግሌ፣ በዚያው ዓይነት ሻንጣ ላይ።

ሴትዮዋ የልጄን ሻንጣ አየት አድርጋ፣ "አንቺንም እሳቸው ናቸው የላኩሽ?" አለቻት።

"እሳቸው ናቸው።"

"እንግዲያ ቁጭ በይ። የአገር ሰው መምጣቱ አይቀርም።" ዳቦ ቆሎም ዘገነችላት።

ለካ የእኛ ሰው ሁሉ የሚጠፋው አንድ ቦታ ነው። አንድ ቦታ የጠፋ ደግሞ መገናኘቱ አይቀርም።

ዘንድሮ ልጄን ልጠይቅ ተነሣሁ። ያምሮት መንገዱን በስልክ አስጠናችኝ፦ "ከአውቶቡስ ተራ በቀጥታ የሽሮ ሜዳ ታክሲ ያዝ። ደግሞ አባዬ፣ ለገሃር እንዳትሄድ!"

ሻንጣ ነበረኝ። ቢሆንም አውቶቡሱ እስኪሞላ ጎራ አልኩና አንድ አረንጓዴ ገዛሁ።

"ወዴት ነህ?"

"ሽሮ ሜዳ፣ ጋሼ። እባክዎ መንገዱን ቢነግሩኝ።"

ለምኖ የጠየቃቸው ሰው እስከዚያ ቀን የነበረ አይመስለኝም። መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ሰቀሉ፤ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

"መጀመሪያ ለገሃር ውረድ..."

ውጭ ሹፌሩ ክላክሱን አስጮኸ። ጋሽ ኑርሁሴን ገና አንበሳው ጋ አልደረሱም። ሻንጣዬ ላይ ቁጭ አልኩ።